የራቬና ወርቅ ለምን ያበራል? ለቤተ ክርስቲያናቸው ሞዛይክ ማሠራት ላሰቡ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በአውሮፓ የሚገኝ የአንድ ደብር የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ አባል ነኝ። በቅርቡ ከምእመናን ጋር የጣሊያኗን ከተማ ራቬናን ጎብኝተን ነበር። አስጎብኚያችን ሞዛይኮቹ ከ1,500 ዓመት በፊት እንደተሠሩ እስከ ዛሬ ሳይነኩ መቆየታቸውን፣ የተሠሩትም ድንጋይ ቀለም እየተቀባና በወርቅ እየተለበጠ መሆኑን ነገረን። እኛም ለአዲሱ ሕንፃችን የመቅደስ ግድግዳ ወደ 60 ካሬ ሜትር የሚሆን የወርቅ ሞዛይክ ልናሠራ አስበናል። አንድ አቅራቢ በመረብ ጨርቅ ላይ ተደርድሮ የሚመጣ፣ በሴራሚክ ማጣበቂያ በሁለት ሳምንት ተለጥፎ የሚያልቅ ዕቃ አሳይቶናል። ይህን ብናደርግ እንደ ራቬናው ይሆናል? ይህን ያህል የሚያምር ጥበብስ ለምን ቀረ?»

ምላሽ፦ እንደ ራቬናው አይሆንም። ይህን የምለው አቅራቢው ያሳያችሁ ዕቃ መናኛ ስለሆነ አይደለም፤ ለመታጠቢያ ቤትና ለሆቴል መግቢያ ደኅና ዕቃ ሊሆን ይችላል። የማይሆንበት ምክንያት የራቬናው ውበት ከወርቁ ብዛት የመጣ ሳይሆን፣ የሞዛይኩ ሥዕል ከሚገጣጠምባቸው ጥቃቅን ጠጠሮች እያንዳንዷ በእርጥብ ኖራ ላይ በእጅ ስትተከል ካገኘችው ጥቂት ዘንበል ማለት የመጣ በመሆኑ ነው። ይህ ነጥብ ሳይያዝ የጥበቡን ታሪክም፣ የተመናመነበትን ምክንያትም፣ እናንተ ልታደርጉት የሚገባውንም በትክክል መናገር አይቻልም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስጎብኚያችሁ ከነገራችሁ ልነሣ። የሞዛይክ ጠጠር ቀለም አይቀባም። ቀለሙ እስከ ውስጡ የዘለቀ ነው፤ ጠጠሯን ለሁለት ብትሰነጥቋት ውስጧም እንደ ውጭዋ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በወለል ላይ የሚነጠፈው ሞዛይክ በአብዛኛው ከተፈጥሮ ድንጋይ ሲሠራ፣ የግድግዳውና የጉልላቱ ግን በዋነኛነት ብርጭቆ ነው። ብርጭቆው ቀልጦ ሳለ ማዕድን ይጨመርበታል፤ ኮባልት ጥልቅ ሰማያዊ፣ ማንጋኒዝ ወይን ጠጅ ይሰጣል፤ መዳብ ደግሞ እንደ እሳቱ አያያዝ አረንጓዴም ቀይም ይሆናል። የቀለጠው ብርጭቆ እንደ ቂጣ ተዘርግቶ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ በግንድ ላይ በተተከለ ስለታም ብረት ላይ እየተደረገ በመዶሻ ይቆረጣል። ለልብስና ለመደብ የሚሆነው ጠጠር ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ለፊት የሚሆነው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ለፊትና ለእጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከብርጭቆ ይልቅ የማያብለጨልጭ ድንጋይ ይመረጥ ነበር፤ የቅዱሱ ልብስ ሲንቦገቦግ ፊቱ ረግቶ እንዲታይ።

እዚህ ላይ ለእኛ አንባቢ ቅርብ የሆነ አንድ ነገር አለ። እስከ 9ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ድረስ ጥሬው ብርጭቆ በአብዛኛው የሚቀልጠው በሶርያና በፍልስጥኤም ጠረፍ እንዲሁም በግብፅ ነበር፤ አሸዋው ቶሎ እንዲቀልጥ የሚጨመርበት ናትሮን የተባለው ጨው ዋና ምንጭም ወዲ ናጥሩን የሚባለው ሸለቆ ነበር። እኛ ያንን ሸለቆ የምናውቀው ገዳመ አስቄጥስ በሚለው ስሙ ነው፤ የነአባ መቃርስ በረሃ ማለት ነው።

የወርቁ ጠጠር ከሌሎቹ ሁሉ የረቀቀ ነው። ከስር ወፍራም የብርጭቆ ሰሌዳ ይደረጋል። በላዩ ላይ ተቀጥቅጦ ከወረቀት እጅግ የሳሳ የወርቅ ቅጠል ይነጠፋል። በወርቁ ላይ ደግሞ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የቀጠነ ጥርት ያለ ብርጭቆ ይከደንና ሦስቱ በእሳት እንዲዋሐዱ ይደረጋል። ከጎኗ ብትመለከቷት ወርቁ በሁለት ብርጭቆ መካከል እንደ ክር የቀጠነ መስመር ሆኖ ይታያል። ወርቁ ዝገት እንደማይነካው ሁሉም ያውቃል፤ ጥላሸት፣ እጅና መጥረጊያ እንዳይነካው የሚጠብቀው ግን ያ ስስ ክዳን ነው። ክዳኑ ሲላቀቅ ወርቁም አብሮ ይሄዳል፤ በጥንታዊ ግድግዳዎች ላይ ጥቁር ነጠብጣብ መስለው የሚታዩት ቦታዎች ብዙዎቹ ይህ የደረሰባቸው ጠጠሮች ናቸው። ስለዚህ «በወርቅ የተለበጠ» የሚለው አነጋገር ነገሩን ገልብጦ ያስቀምጠዋል፤ ወርቁ ነው በብርጭቆ የተለበጠው።

ቀለም መቀባት በሙያው ዘንድ እንዴት ይታይ እንደነበር የሚያሳይ አንድ ጉዳይ ልጥቀስ። በ1563 በቬኒስ የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን የሚሠሩ ፍራንቼስኮና ቫሌሪዮ ዙካቶ የተባሉ ወንድማማቾች በጠጠር ሊሠሩት የሚገባውን በብሩሽ ቀለም ሞልተዋል ተብለው በተፎካካሪዎቻቸው ተከሰሱ። ጉዳዩ ተመርምሮ እንደ ቲሺያንና ቲንቶሬቶ ያሉ ስመ ጥር ሠዓሊዎች ለምስክርነት ቀረቡ፤ በመጨረሻም ጥፋት የተገኘበትን ክፍል በራሳቸው ወጪ እንደገና እንዲሠሩ ተወሰነባቸው። አስጎብኚያችሁ እንደ ተራ አሠራር የነገራችሁ ነገር በሙያው ዘንድ የሚያስከስስ ማጭበርበር ነበር።

ሌላም መለየት ያለበት አለ። ብዙ ሰው ሞዛይክንና ባለቀለም የመስኮት መስታወትን አንድ ያደርጋቸዋል። በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ የሚገኘው የሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ ታላቅ ሥራ ባለቀለም መስታወት እንጂ ሞዛይክ አይደለም። እርሱ ብርሃንን ከውጭ ተቀብሎ ወደ ውስጥ ያሳልፋል፤ ሞዛይክ ግን በውስጥ ያለውን ብርሃን መልሶ ይወረውራል። ኮሚቴያችሁ ስለ መስኮት አቀማመጥ ሲወያይ ይህ ልዩነት ከገንዘብ ጥያቄ የማይተናነስ ክብደት አለው።

አሁን ወደ ግድግዳው እንግባ። የመካከለኛው ዘመን ሠራተኛ በግንቡ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ንጣፍ የኖራ ልስን ይለስናል፤ የታችኞቹ ሻካራ ሆነው ጭድ ወይም የተፈጨ ሸክላ ይደባለቅባቸዋል፤ የላይኛው ግን ለስላሳ ነው። ይህን የላይኛውን የሚለስነው በዚያን ቀን ሊሞላው የሚችለውን ያህል ቦታ ብቻ ነው፤ ኖራው ከደረቀ ጠጠር አይቀበልም። በእርጥቡ ልስን ላይ ሥዕሉ በቀለም ይነደፋል፤ ወርቅ ሊተከልበት በታሰበው ስፍራ ስር ብዙ ጊዜ ቀይ ወይም ቢጫ ይቀባል፤ በጠጠሮቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት ነጭ ሆኖ ወርቁን እንዳያደበዝዘው። ምናልባት ከዚህ የተነሣ ይሆናል «ቀለም ይቀባል» የሚለው ወሬ የተፈጠረው፤ የሚቀባው ግን ልስኑ ነው።

ከዚያ ጠጠሮቹ አንድ በአንድ ይተከላሉ። አንዲት ጠጠር በአውራ ጣት ስትጫን ትንሽ ወደ ግራ፣ ጎረቤቷ ትንሽ ወደ ታች ታዘነብላለች። ቁጥራቸው እጅግ ብዙ የሆነ ትናንሽ መስተዋቶች እያንዳንዳቸው ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲያዩ፣ ሻማ ይዞ የሚያልፍ ዲያቆን ግድግዳውን ሁሉ ያንቀሳቅሰዋል፤ እርሱ አንድ እርምጃ በተራመደ ቁጥር ብርሃን የነበረው ይጠፋል፣ ጨለማ የነበረው ይበራል። በቁስጥንጥንያ (በዛሬዋ ኢስታንቡል) በሀጊያ ሶፊያ ቤተ ክርስቲያን ከንጉሡ መግቢያ በር በላይ ባለው ሥዕል የወርቁ ጠጠሮች ሆን ተብሎ እስከ 30 ዲግሪ ገደማ ወደታች ወደ ተመልካቹ እንዲያጎነብሱ ተደርገዋል። ይህ ደግሞ ሌላ ጥቅም ነበረው፤ ያጎነበሰ ረድፍ ከበላዩ ያለውን ክፍተት ከታች ለሚያይ ሰው ስለሚጋርድ፣ ረድፎቹን አራርቆ መትከልና ወርቅ መቆጠብ ይቻላል። ነገሥታቱም ቢሆኑ ሒሳብ ይሠሩ ነበር ማለት ነው።

ሞዛይክ ከወለል ተነሥቶ ወደ ጉልላት የወጣበት መንገድም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ግሪኮችና ሮማውያን ወለላቸውን በድንጋይ ጠጠር ያስጌጡ ነበር፤ ክርስቲያኖችም ይህንኑ ወረሱ። ሆኖም የሚረገጥ ወለል ለቅዱስ ነገር አይመችም፤ በ427 ዳግማዊ ቴዎዶስዮስ የመስቀል ምልክት በወለል ላይ እንዳይደረግ በሕግ ከለከለ። በግድግዳና በጉልላት ላይ ግን እግር ስለማይደርስ ተሰባሪውን ብርጭቆ በሰፊው መጠቀም ተቻለ። ብርጭቆ ጠማማ ገጽን ይወዳል፤ በግማሽ ጉልላት ውስጥ ያለ ወርቅ ከየትም አቅጣጫ ቢታይ አንዱ ክፍሉ ሁልጊዜ ያበራል። ጠፍጣፋ ግድግዳ ይህን በራሱ አይሰጥም፤ ለዚህም ነው የእናንተን 60 ካሬ ሜትር ጠፍጣፋ ግድግዳ ስሰማ የሠጋሁት።

በራቬና ያያችሁት ሥራ የአንድ ዘመን አይደለም። የጋላ ፕላቺዲያ መካነ መቃብር የሚባለው ትንሽ ሕንፃ የ5ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አካባቢ ሲሆን፣ ጣሪያው ሰማያዊ ነው፣ ወርቁ በከዋክብቱ ላይ ነው። (ንግሥቲቱ ያረፈችው በ450 በሮም ስለሆነ እዚያ መቀበሯ የሚያጠራጥር ነው።) የቅዱስ ቪታሊስ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በ547 ተመርቆ፣ በመንበሩ ግራና ቀኝ ዐፄ ዮስጢንያኖስንና ንግሥት ቴዎዶራን ያሳያል፤ ንጉሡ ወርቅ ጻሕል፣ ንግሥቲቱ ጽዋ ይዘዋል። በቴዎዶራ ካባ ጠርዝ ላይ ሰብአ ሰገል እጅ መንሻቸውን ይዘው ሲሄዱ ይታያሉ፤ እንዲያ ያለውን ጥቃቅን ነገር በጠጠር መሥራት ምን ያህል እንደሚያደክም የሚያውቅ የሞከረው ብቻ ነው። ሁለቱም ነገሥታት ራቬናን ረግጠዋት አያውቁም፤ ምስሉ በሌሉበት ሥልጣናቸውን የሚያስታውቅ ነበር። ለእኛ ለተዋሕዶ ልጆች ደግሞ ባልየው የኬልቄዶንን ጉባኤ ሲደግፍ፣ ሚስቲቱ የኛን ወገን አባቶች ታስጠልልና ታስጠጋ እንደነበር ማስታወስ ሥዕሉን በሌላ ዓይን ያሳያል። ስለ ወጪው ካነሣን፣ ለዚህ ቤተ ክርስቲያን ዩልያኖስ አርጀንታሪዎስ የተባለ ባለጸጋ 26,000 የወርቅ ሳንቲም እንዳወጣ ተጽፏል፤ አንዱ ሳንቲም 4.5 ግራም ገደማ ስለሚመዝን ይህ ከ115 ኪሎ ግራም በላይ ወርቅ ነው። ይህ የሕንፃው ሁሉ ወጪ እንጂ የሞዛይኩ ብቻ አይደለም፤ ቢሆንም ኮሚቴያችሁ ራሱን ከማን ጋር እያወዳደረ እንደሆነ ያሳያል።

«ሳይነኩ ቆዩ» ወደሚለው ስመጣ፣ ከሁሉ ይልቅ እውነቱን የሚናገረው እዚያው ራቬና ያለው አዲሱ ቅዱስ አፖሊናሪስ የሚባለው ቤተ ክርስቲያን ነው። ይህን ያሠራው የጎጦች ንጉሥ ቴዎዶሪክ አርዮሳዊ ነበር። ቁስጥንጥንያ ከተማዋን በ540 ከያዘች በኋላ በ6ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ማለፊያ ኤጲስ ቆጶስ አግኔሎስ የንጉሡንና የሹማምንቱን ምስል ከግድግዳው አስነቀለ። በቤተ መንግሥቱ ሥዕል ውስጥ በየዓምዶቹ መካከል ቆመው የነበሩት ሰዎች ተነቅለው በቦታቸው የተጠለፈ ነጭ መጋረጃ ተሠራ። ሠራተኞቹ ግን ዓምዱን እንዳያበላሹ ይመስላል፣ በዓምዶቹ ላይ ያረፉትን ጣቶችና ክንዶች ትተዋቸው ሄዱ። ዛሬም ቀና ብሎ በጥንቃቄ ለሚያይ፣ ባለቤት የሌለው እጅ ነጩን ዓምድ አቋርጦ ይታያል፤ አካሉ ከመጋረጃው በኋላ ጠፍቷል። ይህ በ1,500 ዓመት ውስጥ ያልተነካ ግድግዳ አይደለም።

በኒቅያ የነበረው የእመቤታችን ዕረፍት ቤተ ክርስቲያንም ተመሳሳይ ታሪክ ነበረው። በግማሽ ጉልላቱ መጀመሪያ የእመቤታችን ምስል ነበረ። በ8ኛውና በ9ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕል የሚቃወሙ ነገሥታት በተነሡ ጊዜ ምስሏ ተነቅሎ መስቀል ተተከለ። በ843 የሥዕል ክብር ሲመለስ መስቀሉ ተነቅሎ እርስዋ ተመለሰች። ሕንፃው በ1922 በጦርነት ፈርሷል፤ ከዚያ በፊት በተነሡት ፎቶግራፎች ግን የተነቀለውና የተተካው ልስን መገጣጠሚያ በእመቤታችን ዙሪያ እንደ ልብስ ስፌት ይታያል። በሀጊያ ሶፊያም በ867 ፓትርያርክ ፎጥዮስ ሰብኮ ያስመረቀው የእመቤታችንና የሕፃኑ ምስል ከዚህ የድል ዘመን የተገኘ ነው። የዚያው ቤተ ክርስቲያን ጉልላት በ558 ወድቋል፤ በ989 እና በ1346 ደግሞ ከፊሉ ተደርምሷል፤ በእያንዳንዱ ጊዜ እንደገና ተሠርቷል። ራቬና የነበረው የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ሞዛይክ ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለፕሩሲያ ንጉሥ ተሽጦ ተነቅሎ ሄደ፤ ዛሬ በበርሊን ቦደ ሙዚየም የሚታየው አብዛኛው የጥገና ሥራ ነው። ረጅም ዕድሜ ያስገኘው በየትውልዱ የሚጠግን ሰው መገኘቱ ነው፤ ይህን ያነሣሁት እናንተም ከምረቃው ማግስት ጀምሮ ጠጋኝ እንደሚያስፈልጋችሁ እንድታስቡ ነው።

ጥበቡ ከቁስጥንጥንያ ወጥቶ የሄደባቸውን ስፍራዎች ሁሉ መዘርዘር አያስፈልግም። በሲና የደብረ ታቦር ሥዕል ከ6ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አለ። በ7ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በኢየሩሳሌም የተሠራው የዓለቱ ጉልላትና ቀጥሎ የተሠራው የደማስቆ ታላቅ መስጊድ ሰውና እንስሳ የሌለበት ሞዛይክ አላቸው። የኪየቭ ቅድስት ሶፊያ የ11ኛው፣ የሲሲሊው ቼፋሉ የ1148፣ በዚያው ደሴት ያለው የሞንሬያሌ ካቴድራል የ12ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ናቸው፤ በቬኒስ ቅዱስ ማርቆስ ከ8,000 ካሬ ሜትር በላይ ተሸፍኗል። አንዱን ግን ልለይ። በቤተ ልሔም የልደት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያለው ጽሑፍ ሥራው በ1169 በቁስጥንጥንያው ንጉሥ በማኑኤልና በኢየሩሳሌሙ የመስቀል ጦረኞች ንጉሥ በአማልሪክ ዘመን መፈጸሙን ይናገራል፤ ሁለት የማይተማመኑ ነገሥታት በአንድ ግድግዳ ላይ ተጽፈዋል። ከ2013 ጀምሮ በተደረገው ጥገና በልስን ተሸፍኖ የቆየ አንድ መልአክ ተገኝቷል። ለልደት ወደዚያ የምትሄዱ ተሳላሚዎች ወደ ዋሻው ከመውረዳችሁ በፊት ወደላይ ተመልከቱ።

«ለምን ቀረ?» ለሚለው የተለመደው መልስ «ምስጢሩ ጠፋ» የሚል ነው፤ ይህ ትክክል አይደለም፤ በቬኒስ ሥራው ተቋርጦ አያውቅም ማለት ይቻላል። የሆነው ሌላ ነው። በመጀመሪያ ከፋዩ ደኸየ፤ በ1204 የመስቀል ጦረኞች ቁስጥንጥንያን ከዘረፉ በኋላ ግዛቱ ወደ ቀድሞ ኃይሉ አልተመለሰም። ከ1315 እስከ 1321 ባለው ጊዜ ቴዎዶሮስ ሜቶኪቴስ የተባለው ባለሥልጣን ያሳደሰው የኮራ ቤተ ክርስቲያን የዚያ ከተማ የመጨረሻው ታላቅ ሥራ ነው ለማለት ይቻላል፤ በዚያው ሕንፃ ውስጥ ዋናው ክፍልና መግቢያዎቹ በሞዛይክ ሲሸፈኑ፣ በጎን ያለው የመቃብር ጸሎት ቤት በልስን ላይ ቀለም ተሥሏል፤ የቀለሙም ሥዕል ከሞዛይኩ የሚያንስ አይደለም። ሁለተኛው ምክንያት ይኸው ነው፤ በእርጥብ ልስን ላይ የሚሣል ሥዕል እጅግ የረከሰና የፈጠነ ነው። በጣሊያንም በ14ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጆቶ የፓዱዋን ጸሎት ቤት በቀለም በሸፈነ ጊዜ፣ ሰዎች ከሥዕል የሚፈልጉት ነገር ተለውጦ ነበር፤ የሚንቦገቦግ ወርቅ ትተው ጥላ ያለው ፊት፣ ጥልቀት ያለው ቤት፣ የሚያለቅስ ሰው ፈለጉ። ይህን ብሩሽ ከጠጠር ይልቅ በቀላሉ ይሠራዋል።

ሦስተኛውን ምክንያት ራሱ ሙያው አመጣው፤ በእኔ አመለካከት ጉዳቱ ከድህነቱ የከፋ ነበር። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቬኒስ ሠዓሊው በወረቀት ይነድፋል፣ ሞዛይኩን የሚሠራው ሰው ይገለብጣል፤ ጠጠሩ ብሩሽን ለመምሰል እየጠበበና እየተጋጠመ፣ ገጹም እየጠፈጠፈ ሄደ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ጠጠሮቹን በወርክሾፕ ውስጥ በፊታቸው ወረቀት ላይ አጣብቆ፣ ቆርጦ፣ ሣጥን ውስጥ አሽጎ በመላክ ከግድግዳው ላይ መለጠፍ ተስፋፋ። ዘዴው ርካሽና ፈጣን ሆነ፤ ነገር ግን በወረቀት ላይ በፊታቸው የተደፉ ጠጠሮች ሲገለበጡ ሁሉም እኩል ጠፍጣፋ ናቸው። አቅራቢው ያሳያችሁ መረብ የዚያ ዘዴ የልጅ ልጅ ነው። ጠፍጣፋ ወርቅ ከአንድ ማዕዘን ሁሉ በአንድ ጊዜ ዓይን ያጥበረብራል፤ ከሌላው ማዕዘን ሁሉ ቡናማ ግድግዳ ይመስላል፤ በሻማ ብርሃንም አይንቀሳቀስም።

እንግዲህ ከፊታችሁ ያሉት መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው የቀረበላችሁ የመረብ ሥራ ነው፤ አልመክረውም። የመለጠፊያውን ዓይነት ብቻ ሳይሆን የወርቁንም እውነተኛነት ጠይቁ፤ በብርጭቆ ስር ያለ እውነተኛ የወርቅ ቅጠል፣ የነሐስ ቅጠልና ከላይ የተነፋ ወርቅማ ቀለም በመጀመሪያው ቀን አንድ ሊመስሉ ይችላሉ፤ ከዓመታት በኋላ ግን ነሐሱ ይጠቁራል፣ የተነፋውም ይፋቃል። ሁለተኛው 60 ካሬ ሜትሩን ሁሉ በእጅ ማስተከል ነው። አንድ ሳንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው ጠጠሮች ብንሰላው 600,000 ያህል ጠጠር ይወጣል፤ ፊቶቹ ደግሞ ከዚህ ብዙ እጥፍ ጥቃቅን ይፈልጋሉ። አቅም ካላችሁ ይቻላል፤ በምእመናን መዋጮ የሚሠራ ደብር ግን ሌላው ሥራ ሁሉ የሚቆምበት ዕዳ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ሦስተኛው ከመንበሩ በስተምሥራቅ ጠማማ ገጽ ባለው ስፍራ ላይ ከአምስት ወይም ከስድስት ካሬ ሜትር የማይበልጥ አንድ ሥዕል በእጅ አስተክሎ፣ ቀሪውን ግድግዳ በራሳችን ወግ ማሣል ነው።

የማጸናው ሦስተኛውን ነው። በእኛ አብያተ ክርስቲያናት ለመቅደስ ግድግዳ የሚሆን ሥዕል በጨርቅ ላይ ተሥሎ የሚለጠፍበት የቆየ አሠራር አለ፤ በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ያለው ሥዕል በዚህ መንገድ ከግድግዳው የተዋሐደ ነው። ይህ አሠራር ለሞዛይክ ምትክ ተደርጎ የተያዘ ድሀ ዘዴ አይደለም፤ የራሱ ሕግ ያለው ሙሉ ጥበብ ነው። ስለዚህ በወርቅ ጠጠር ጥቂት ቦታ ማስከበርና የቀረውን በዚህ ማስጌጥ አሳፋሪ ነገር የለውም። በሞዛይኩ ላይ ማን ይሣል፣ በምን ሥርዓት የሚለው ግን የሊቃውንቱ ጉዳይ ስለሆነ አልገባበትም፤ እኔ የምናገረው ስለ ግድግዳና ስለ ብርሃን ነው።

ጥቂት ጥንቃቄዎች አሉ። የሞዛይክ ዋና ጠላት ውኃ ነው፤ ከጣሪያ የሚሰርግ ውኃ በግንቡ ውስጥ ያለውን ጨው ይዞ ወደ ልስኑ ይወጣና ጠጠሩን ከኋላው ገፍቶ ይጥለዋል። ስለዚህ ጣሪያው ተከድኖ አንድ ሙሉ ክረምት ሳያልፍበት፣ ግንቡም ሳይደርቅ አትጀምሩ። ልስኑ ኖራ ይሁን፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን በሲሚንቶ የተጠገኑ ብዙ ጥንታዊ ሥራዎች ከሲሚንቶው በወጣ ጨውና ከግትርነቱ የተነሣ ተጎድተዋል። ብርሃኑን በተመለከተ ሥዕሉን ፊት ለፊት የሚመታ መብራት አትግጠሙ፤ ብርሃን ከጎንና ከታች ሲመጣ ነው ወርቁ የሚሠራው፤ ለዚህም ቀንዲልና ጧፍ ከማንኛውም አምፖል ይሻላሉ። የጧፉና የዕጣኑ ጥላሸት ያጠቁረዋል ብላችሁ አትሥጉ፤ ጥላሸት በለስላሳ ብሩሽና በጥቂት ንጹሕ ውኃ በባለሙያ እጅ ይወርዳል፤ በአሲድ ወይም በበረኪና ለማጽዳት የሚሞክር ሰው ግን አታስጠጉ።

ከማንም ጋር ውል ከመፈራረማችሁ በፊት ሠራተኛው 50 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ናሙናዎች ይሥራላችሁ፤ አንዱ በእጅ የተተከለ፣ ሌላው በመረብ የመጣ ይሁን። ሁለቱን በታሰበው ከፍታ ጎን ለጎን ስቀሉና የኤሌክትሪክ መብራቱ ጠፍቶ በጧፍ ብቻ፣ በሌሊቱ ማኅሌት ሰዓት፣ ከበሩ ወደ መቅደሱ እየተራመዳችሁ ተመልከቱ። ኮሚቴው፣ ካህናቱና ጥቂት ምእመናን በተገኙበት ይሁን፤ የመረቡ ዋጋም የዚያን ሌሊት አይነገራቸው።